እጅን የት ማስቀመጥ

መድረክ ላይ መጀመሪያ የከበደኝ ቃለ ተውኔቱ አልነበረም። እሱን በሦስት ሳምንት ጥርግ አድርጌ ይዤዋለሁ። የከበደኝ እጄ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ፊት የቆምኩት ጊታር ይዤ ነው። ሰርግ ላይ፣ ምረቃ ላይ፣ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ቅዳሜ ማታ። ግራ እጄ ክሩን ይጫናል፣ ቀኜ ይመታል። ሁለቱም ሥራ አላቸው። አምና ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ትንሽ የቴአትር ቡድን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አባቱ ቤት የሚመለስ ልጅ ሆኜ እንድጫወት ጠየቀኝ። እሺ አልኩ። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ እጆቼ ሁለት ባዶ አኮፋዳ ሆነው ተንጠለጠሉ። ኪሴ ከተትኳቸው። አወጣኋቸው። ደረቴ ላይ አጣጠፍኳቸው። አሁንም ፈታኋቸው።

አዘጋጁ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው፣ ልምምዱን አስቆመ።

«እጅህን ተወው» አለኝ። «አትፈልገው። የሚያናግርህን ሰው ስማው። እጅህ ቦታውን ራሱ ያገኛል።»

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስልኬን አውጥቼ፣ ጊታር አስቀምጦ ወደ ትወና የሄደ ሰው ካለ ልፈልግ አልኩ። ከዘፋኝነት የሄደ ብዙ አለ። ዘፋኝ ከድሮም መሀል ላይ ነው፤ ፊቱ ላይ መብራት ለምዷል። ጊታሪስት ግን ከጎን የሚቆም ሰው ነው። እሱን ነበር የፈለግኩት። ጌሪ ኬምፕ የሚባል የለንደን ሰው አገኘሁ። ፎቶውን ስከፍተው ደነገጥኩ። አውቀዋለሁ።

ያደግኩት ጎጃም፣ ኮሶበር ነው። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ መስኮቱ በጆንያ የተሸፈነ፣ መግቢያው 50 ሳንቲም። አግዳሚ ላይ ተደርድረን እናያለን፤ ቦታ ያጣ መሬት ይቀመጣል። ለእኛ «አክተር» ማለት ተዋናይ ማለት አልነበረም። አክተር ማለት የማይሞተው ሰውዬ ነው። የቀረው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ የአክተሩ ጓደኛ። ፊልሙ ሲጀምር «አክተሩ ማነው?» ተብሎ ሳይጠየቅ አይታይም።

ዘ ቦዲጋርድ ላይ አክተሩ ኬቨን ኮስትነር ነው። ዊትኒ ሂውስተንን ይጠብቃል። ፊልሙ ውስጥ ግን የትም ልንመድበው ያልቻልነው አንድ ሰው ነበር። ሽክ ብሎ የለበሰ፣ ዘፋኟን በየአደባባዩ ለማሳየት የሚሯሯጥ፣ ጠባቂው ገደብ ባበጀ ቁጥር የሚነጫነጭ። ሌባ ነው ብለን ጠረጠርነው። ሌባ አልነበረም። የዘፋኟ የማስታወቂያ ሰው ነው፤ ስሙም ሳይ ስፔክተር። እንደዚያ ያናደደን ሰው ጌሪ ኬምፕ ኖሯል። ኮሶበር ያሉ ልጆችን ጥርስ ያስነከሰ ሰው ሥራውን አውቋል ማለት ነው።

(የእሱን ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ፊልሙም የ1992 ነው።)

ኬምፕ በ1959 ለንደን ውስጥ ተወለደ፤ ያደገው ሰሜን ለንደን፣ ኢዝሊንግተን ነው። አባቱ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር። የተረፈው ቤት አልነበረም። በ11 ዓመቱ ወላጆቹ ለገና ጊታር ሰጡት። በዚያው ሰፈር አና ሼር የምትባል ሴት የጀመረችው የልጆች ድራማ ክፍል ነበር። የሠራተኛ ልጆች ይገቡበታል። ጽሑፍ ከማስሸምደድ ይልቅ፣ እዚያው ፈጥረው እንዲጫወቱ ታደርጋቸዋለች። ከታናሽ ወንድሙ ከማርቲን ጋር እዚያ ነው ያደጉት። በ1972፣ ገና ባንድ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ጌሪ በአንድ የልጆች ፊልም ላይ ተጫውቷል።

ይህን ሳነብ ነገሩ ተገለበጠብኝ። «ጊታሪስት ነበር፣ ተዋናይ ሆነ» ሲባል አንዱን ጥሎ ሌላውን ያነሳ ይመስላል። ልጁ ግን ከመጀመሪያውም ሁለቱንም ይዞ ነው የተነሳው። እኛ አገር «ከሁለት ያጣ ጎመን» የሚለው ተረት ቶሎ አፍ ላይ ይመጣል። እናቴ ጊታር የገዛሁ ዕለት ብላኛለች። «ልጀ፣ ተማር ብንልህ አዝማሪ ልትሆን ነው? ከሁለት ያጣህ እንዳትሆንብኝ።» አልፈረድኩባትም። ግን ሌላም ተረት አለን፤ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል።» ኢዝሊንግተን ያለ የአታሚ ልጅ ይህን ሳይሰማ ሁለት ባላ ተክሏል።

ከልጅነቱ አንድ ነገር በጣም ደስ ብሎኛል። ትምህርት ቤት ዝግጅት ላይ የራሱን ዘፈን ሲዘፍን፣ ትሬቨር ሃድልስተን የሚባሉ ጳጳስ ሰሙት። እሳቸውም ዘፈኖቹን እንዲቀዳበት ካሴት መቅጃ ሰጡት። እኚህ ሰው ቀደም ሲል ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የአፓርታይድ ተቃዋሚ ነበሩ፤ ለልጁ ሂዩ ማሴኬላ የመጀመሪያውን ትራምፔት የሰጡትም እሳቸው ናቸው። አንድ ቄስ፣ በሁለት አህጉር፣ ለሁለት ልጆች ዕቃ ሰጡ። እኔ ባሕር ዳር እያለሁ የተሰበረ የጊታር ክር የሚገዛልኝ ሰው አጥቼ ሳምንት በአምስት ክር ተጫውቻለሁ። ለአንድ ልጅ ዕቃ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ባንዱ ስፓንዳው ባሌ ይባላል። ጌሪ ጊታር፣ ማርቲን ቤዝ ጊታር፣ ስቲቭ ኖርማን ሳክስፎን፣ ጆን ኪብል ድራም፣ ቶኒ ሃድሊ ድምፅ። ዘፈኑን የሚጽፈው ጌሪ ነው። በ1983 ትሩ የተባለው ዘፈናቸው እንግሊዝ አገር አንደኛ ወጣ። ሰው የሚያስታውሰው የሃድሊን ድምፅ ነው። ቃሉና ዜማው ግን ከጎን የቆመው የጊታሪስቱ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ማለፍ አልችልም፣ የእኛ ስለሆነ። በኅዳር 1984 ባንድ ኤይድ በሚል ስም ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች የተቀዳው ዘፈን ውስጥ የስፓንዳው ባሌ ልጆች ነበሩበት። እንግሊዝ አገር ብቻ ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በሐምሌ 1985 ደግሞ ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም፣ ለዚያው ረሃብ ገንዘብ የተሰበሰበበት ላይቭ ኤይድ የተባለ ኮንሰርት ላይ ተጫወቱ። በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እኔ የተወለድኩት በዚያው ዓመት ነው።

እናቴ ያንን ዓመት የምታወራው ስለ ዘፈን ሰምታ አይደለም። በእሷ ትዝታ ውስጥ ያለው መኪና ነው። ከወሎ ለሰፈራ ወደ መተከል የሚወሰዱ ሰዎች በእኛ በኩል፣ በቻግኒ መንገድ፣ ያልፉ ነበር። መኪናው ሲቆም የኮሶበር ሴቶች ቅቅል ድንች በሰፌድ ይዘው ይወጣሉ። «አንዲት ሴት ድንቹን ተቀብላ አልበላችም» ትላለች እናቴ። «ያዘችው ብቻ። ይሞቃላ እጇን።» በዚያው ክረምት አንድ የ25 ዓመት ጊታሪስት ለዚያች ሴት ሲል ዌምብሌይ ላይ ቆሟል። ሁለቱ መቼም አይተዋወቁም።

የባንድ ኤይድ ዘፈን ርዕስ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ያመኛል። ገና በመጣ ቁጥር ሜዳ ሙሉ ሰው በጥንግ የሚራኮትበት፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ጌታውም ሎሌውም እኩል የሚሮጡበት አገር ልጅ ነኝ። እናውቃለን። ግን ገንዘቡ እህል ሆኗል፤ እህሉም ሰው አትርፏል። ሁለቱንም አብሬ ይዤ መኖር ነው የቻልኩት። ዘፈኑን የጻፉት ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ናቸው፤ ኬምፕ ከአጃቢዎቹ አንዱ ነው። በእሱ ላይ ቂም የለኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ትወናው የተመለሰው። በ1990 ፒተር ሜዳክ ያዘጋጀው ዘ ክሬይስ የተባለ ፊልም ወጣ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ምሥራቅ ለንደንን ያንቀጠቀጡ ሁለት መንትያ ወንበዴዎች ታሪክ ነው፤ ሮኒና ሬጂ ክሬይ። ጌሪ ሮኒን፣ ማርቲን ሬጂን ሆነው ተጫወቱ። እነሱ መንታ አይደሉም፤ በሁለት ዓመት ይበላለጣሉ። ግን አንድ ቤት አድገው፣ አንድ ባንድ ውስጥ ከርመው የመጡ ወንድማማቾች ናቸው። ፊልሙን አገኘሁና ሁለት ጊዜ አየሁት። ሁለተኛውን ጊዜ ድምፁን አጥፍቼ ነው ያየሁት፣ እጁን ለማየት። ሮኒ ሊመታ ሲል አይወራጭም። ጸጥ ይላል። እጁ ጎኑ ላይ ያርፋል። የሚያስፈራው ያ ነው። ጊታር ላይ ሶሎ ከመግባትህ በፊት አንድ የዜማ ቤት ባዶ ብትተው ሰው ጆሮውን ያቆማል። እሱን ነው ያደረገው።

ማርቲን ኋላ ኢስትኤንደርስ በተባለው ተከታታይ ድራማ በጣም ታወቀ። የሱ ሌላ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በ1999 ሦስቱ የባንዱ ልጆች፣ ሃድሊ፣ ኖርማንና ኪብል፣ ጌሪ ኬምፕን ፍርድ ቤት አቆሙት። ከዘፈን ድርሰት የሚገኘውን ገቢ ለሁላችንም ሊያካፍል በቃል ተስማምተን ነበር አሉ። ለተወሰኑ ዓመታት ያካፍላቸው ነበር፤ ኋላ አቆመ። ደግሞም ዘፈኑን አብረን ነው የሠራነው አሉ። ትሩ ላይ ያለችው የኖርማን የሳክስፎን ሶሎ ጭምር ተነሳች። ዳኛው ለኬምፕ ፈረዱ። ዜማና ግጥሙ የእሱ ነው፤ ሌላው አጨዋወት ነው፣ ድርሰት አይደለም አሉ። ማርቲን ክሱ ውስጥ አልገባም።

ይህን ሳነብ የማን ወገን እንደምሆን አላወቅኩም። እኛ አገር የካሴት ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ» ይላል፣ ከሥር «ቅንብር» ይላል፣ አንዳንዴ ጊታር የመታው ሰው ስም ጭራሽ የለም። እኔ አንድ ጊዜ ለአንድ ዘፈን መግቢያ አውጥቻለሁ። ስምንት ኖታ ናት። ዘፈኑ ተሰማ። ሰርግ ላይ ያቺ መግቢያ ስትጀምር ሰው ከወንበሩ ይነሳል፣ ገና ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት። ስሜ የትም የለም። የተከፈለኝ የአንድ ቀን የስቱዲዮ አበል ነው። ስለዚህ ኖርማን ገባኝ። አንጀቴን በላኝ።

ግን ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ከባዶ ወረቀት ላይ ዘፈን የሚያወጣው ሰው ብቻውን ነው። ያንንም አውቀዋለሁ። የእኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ደራሲውንና ከዋኙን፣ ማለት ተጫዋቹን፣ ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው። ከዋኝ የራሱ መብት አለው፤ የደራሲው ግን አይደለም። እኔ ዳኛው ልክ ናቸው እላለሁ። የኬምፕ ጥፋት ካለ ሕግ ላይ አይደለም። ገንዘቡ መቆሙ አይቀርም ነበር፤ ግን ጓደኛ ለጓደኛው ቁጭ አድርጎ «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው» ብሎ፣ ተከራክሮ፣ ተስማምቶ ነው መለየት ያለበት። እነሱ መሀል በቃል የቀረው ነገር ነው ፍርድ ቤት የደረሰው። እኛ ጋ ሽማግሌ የሚገባው እዚህ ላይ ነበር።

አሥር ዓመት ተዘጋጉ። በ2009 ቴምዝ ወንዝ ላይ በቆመችው ኤችኤምኤስ ቤልፋስት የጦር መርከብ ላይ ተሰብስበው እንደገና አንድ መሆናቸውን ተናገሩ። በ1980 ልጆች ሳሉ የተጫወቱባት መርከብ ናት። ፎቶው ላይ አምስቱም አሉ።

ያንን ፎቶ ሳየው ስልኬን አነሳሁ። የድሮ ባንዳችን ኪቦርዲስት ጋ ደወልኩ። በገንዘብ ተጣልተን ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም።

«አቤት» አለ።

«እኔ ነኝ።»

ዝም አለ። ከዚያ፣ «ምነው፣ ሰላም ነው? እማማ ደህና ናቸው?» አለኝ።

ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አልተነሳም። ቴአትር ልሠራ ነው አልኩት። «አንተ?» አለ። «ያኔም እኮ መድረክ ላይ የሁላችንን ፊት የምታነበው አንተ ነበርክ።» እንደዚያ እንደሚያስበኝ አላውቅም ነበር።

ኬምፕ ከሠራቸው የመድረክ ሥራዎች መሀል እኔን የያዘኝ የ2015ቱ ነው። ለንደን ትራፋልጋር ስቱዲዮስ፣ በጄሚ ሎይድ አዘጋጅነት፣ የሃሮልድ ፒንተር ዘ ሆምካሚንግ፣ «ወደ ቤት መመለስ» እንደማለት፣ የተባለው ተውኔት ተሠራ። ኬምፕ ቴዲን ሆነ። ዝግጅቱን አላየሁትም፤ ተውኔቱን ግን አነበብኩት። ቴዲ አሜሪካ የፍልስፍና መምህር ነው። ሚስቱን ይዞ፣ አባቱ፣ አጎቱና ሁለት ወንድሞቹ ወደሚኖሩበት የለንደን ቤት ይመለሳል። ሴት የሌለበት፣ ቃል እንደ ጩቤ የሚወረወርበት ቤት ነው። በመጨረሻ ሚስቱ እዚያው ትቀራለች፣ እሱ ብቻውን ይወጣል። ቴዲ ብዙ አይናገርም። የሚሆነውን ያያል።

ፒንተር በፋታ የታወቀ ነው። ቃለ ተውኔቱ መሀል ላይ «ፋታ»፣ «ዝምታ» እያለ ይጽፋል። ተዋናዩ ያቺን ዝምታ መሙላት አለበት፣ ያለ ቃል። ይህ ለጊታሪስት የሚሆን ሥራ ነው። የባንድ ልጅ ግማሹን ሰዓት የሚያደርገው መጠበቅ ነው። ዘፋኙ ሲተነፍስ መስማት፣ ድራሙ ሊለወጥ ሲል ከትከሻው ማወቅ፣ ተራህ እስኪደርስ ዝም ማለት። ደግሞ ዝም ስትል ከዘፈኑ አልወጣህም፤ ውስጡ ነህ። አባቴ፣ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ የጎጃሙን ሀዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በሬዲዮ ሲያነብ የሰማ ሰው ነበር። ሲያወራልኝ፣ የሚያደንቀው ድምፁን ብቻ አይደለም። «ዝም ሲል እኮ ሰብለን ታያታለህ» ይለኝ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ጠጅ ቤት ውስጥ አንድ ማሲንቆ መቺ አለ። ልምምድ ሲያልቅ እሱ ጋ መሄድ ጀመርኩ። ጭራውን በዕጣን ፈትጎ፣ ደጋኑን ሁለቴ ሞክሮ፣ ከዚያ ማንም ፊት አይጮህም። ቤቱን ያያል። ማን እንዳዘነ፣ ማን እንደጠጣ፣ ማን ግጥም አፉ ላይ እንደመጣ ያያል። አንድ ማታ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ «ተቀበል!» አሉት።

አባይን ተሻግሮ የሄደ ወንድሜ፣
እጁን አይቸ ነው ያወቅሁት በሕልሜ።

አዝማሪው ወዲያው አልደገመውም። ማሲንቆውን አስጮኸና ሽማግሌውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ልክ ከራሱ እንደወጣ አድርጎ፣ ተቀበለው። ሽማግሌው አይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ተቀበል» የሚለውን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። ያን ማታ ነው ትእዛዙ ስለ መዝፈን ሳይሆን ስለ መስማት መሆኑ የገባኝ። ጋሼም ያለኝ ይህንኑ ነው። አስናቀች ወርቁ ክራሯንም ትወናዋንም ይዛ በአንድ መድረክ ላይ የኖረችው፣ አባባ ተስፋዬ ዘፋኝም ተዋናይም ተረት ነጋሪም የሆኑት፣ ሥራው ከሥር አንድ ስለሆነ ይመስለኛል።

ኬምፕ ጊታሩንም አልተወም። ከ2018 ጀምሮ ከፒንክ ፍሎይዱ ድራመር ከኒክ ሜሰን ጋር፣ የባንዱን የድሮ ዘፈኖች በየአገሩ እየዞረ ይጫወታል። እዚያም መሀል ላይ ያለው ድራመሩ ነው፣ እሱ ከጎን።

የእኛ ቴአትር የታየው በግንቦት ነው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ የፕላስቲክ ወንበር ከጎረቤት ተለምኖ መጣ። እናቴ ከኮሶበር መጥታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ። ኪቦርዲስቱም ከባሕር ዳር መጥቷል፤ በሩ አጠገብ ቆሞ አየሁት።

ሦስተኛው ትዕይንት ላይ አባትየው፣ «ለምን መጣህ?» ይለኛል። እኔ ወዲያው መመለስ አለብኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ። አባትየውን የሚጫወተው ሰው ግን ያን ማታ ሲጠይቀኝ ድምፁ ተሰበረ። ልምምድ ላይ ተሰብሮ አያውቅም። ሰማሁት። ዝም አልኩ። አዳራሹ ውስጥ የዝናብ ድምፅ ብቻ ቆርቆሮው ላይ ይሰማ ነበር። መልሴን ስሰጥ ቀኝ እጄ የአባቴ ወንበር ጀርባ ላይ ነበረች። መቼ እንዳስቀመጥኳት አላውቅም።